ደመወዝ ብቻውን የማይገዛው የነርሶች ወንፈል

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነሳው የጤፍና የበርበሬ፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ፣ የቡናና የዶላር ነገር ነው። የዕቃው ዓይነት ይለያይ እንጂ ጥያቄው ምንጊዜም አንድ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ለምን ወጣ? ለምንስ ወረደ? ዛሬ ግን ገበያው በቅጡ ዋጋ ሊያወጣለት ያልቻለ አንድ ነገር እናነሳለን። እርሱም የሆስፒታል ነርሶች ሥራ ነው። ለምሳሌነት ወደ ጎንደር ከተማና ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ መውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የጤና ሙያተኞች በቡድን ሆነው እንዲሠሩ ገና ከትምህርት ቤት ማሠልጠን የተጀመረው እዚያው ጎንደር ነውና።

ጉዳዩን ትኩስ ያደረገው የደመወዝ ነገር ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው እንዲስተካከል፣ ራሳቸው ሲታመሙም የሚታከሙበት ዋስትና እንዲኖራቸው ጠይቀው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች መታሰራቸውም ይታወሳል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ሥራ ላይ ዋለ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወገኖች ሲሟገቱ እንሰማለን። አንደኛው ወገን "ጭማሪው መጣ፤ እንግዲህ ይሥሩ እንጂ!" ይላል። ሁለተኛው ወገን "ብሩ እንዲህ ረክሶ፣ የቤት ኪራይ እንዲህ ንሮ፣ በዚህ ደመወዝ ማን ከልቡ ይሠራል?" ሲል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ሁለቱም ነርሷን የሚያዩዋት ብቻዋን እንደቆመች ሻጭ፣ ጉልበቷንም በኪሎ እንደሚመዘን ዕቃ አድርገው ነው። የሆስፒታል ሥራ ግን እንዲህ አይሸጥም። የደባርቅ ገበሬ ገብሱን በወንፈል እንደሚያጭደው ሁሉ ነርሶችም በሽተኛ የሚያድኑት በወንፈል ነው። ወንፈሉ ከፈረሰ ደመወዙ ቢጨመርም አዝመራው ማሳ ላይ ይቀራል።

የማን ሥራ ነው?

የነርስን ሥራ ከውጭ ለሚያየው ሰው መርፌ መውጋት፣ ግሉኮስ መስቀል፣ ቁስል ማጠብና ሙቀት መለካት ይመስለዋል። እነዚህ እያንዳንዳቸው ይቆጠራሉ፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ዋጋ ይወጣለታል። በሽተኛው ድኖ እንዲወጣ የሚያደርገው ግን በእነዚህ መካከል ያለው ማያያዣ ነው። የቀን ተረኛዋ ለሌሊት ተረኛዋ ስታስረክብ "እዚያ ጥግ አልጋ ላይ ያሉት እናት ከሰዓት በኋላ ሽንታቸው ቀንሷል፤ ዓይንሽን አትንቀይባቸው" ብላ የምትናገራት ቃል በየትኛውም የክፍያ ፎርም ላይ የለችም። ሕይወት የምታድነው ግን እርሷ ልትሆን ትችላለች።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ከቀዶ ሕክምና የወጣ በሽተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ በየ15 ደቂቃው መታየት ይኖርበታል፤ ውስጥ ውስጡን እየደማ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። በሽተኛው ወደ ዋርድ የገባው የተረኛ መለዋወጫ ሰዓት ላይ ቢሆንስ? ወጪዋ ነርስ ሰዓቷ አልቋል፤ ትራንስፖርት ሊያመልጣት ነው። ገቢዋ ነርስ ገና ጋዋን እየለበሰች ነው። በሕጉ መሠረት ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም። ሁለቱ የሚዋደዱና የሚተማመኑ ከሆኑ አንደኛዋ "ግዴለም እኔ ልለካለት፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ተረከቢ" ትላለች። ከተኳረፉ ግን በሽተኛው ለግማሽ ሰዓት ባለቤት የለውም።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለነበረ ሁሉ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አርመን አልቺያንና ሃሮልድ ዴምሴትዝ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ ሁለት ሰዎች ከባድ ዕቃ ተባብረው ወደ መኪና ሲጭኑ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይቶ መለካት እንደማይቻል አስረድተዋል። የእነርሱ መፍትሔ ተቆጣጣሪ ማቆም ነበር። ቢሆንም ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ማን ነው? ሜትረኗ ተኝታለች፤ ሥራ አስኪያጁም ተኝቷል፤ በሽተኛው ራሱ ስለ ሕክምናው የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ አስታማሚው ወለል ላይ ጋቢውን ተከናንቧል። በዚያ ሰዓት ሥራውን የሚቆጣጠረው የነርሷ ኅሊናና "ጓደኛዬ ጠዋት መጥታ ምን ትለኛለች?" የሚለው ሐሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦች ግንኙነት የሻይ ሰዓት ጉዳይ ሳይሆን የምርት ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ቁርጠኝነት ሁሉ አንድ አይደለም

"የእኛ ነርሶች ቁርጠኛ ናቸው፤ ብዙም የሚለቅ የለም" የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጆን ሜየርና ናታሊ አለን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ሠራተኛን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚያቆራኙትን ገመዶች በሦስት ከፍለዋቸዋል። አንደኛው ፍቅር ነው፤ ሠራተኛው ቤቱን የራሱ አድርጎ ስለሚያይ ይቆያል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ "አስተምሮኛል፣ ውለታ አለብኝ" ብሎ ይቆያል። ሦስተኛው ማጣት ነው፤ ብለቅ ወዴት እሄዳለሁ ብሎ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ከሥራ ትጋት ጋር ጎልቶ የተያያዘው የመጀመሪያው ገመድ ነው። ማጣት ያስቀመጠው ሠራተኛ ወንበሩን ይሞላል እንጂ ሥራውን አይሞላም።

ይህን ወደ አገራችን ገበያ ብናመጣው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሆስፒታሎቻችን ነርስ አነሰን ይላሉ፤ በሌላ በኩል በነርስነት ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ፍላጎቱም አቅርቦቱም እያለ በመካከል የጎደለው በጀት ነው። እንዲህ ባለ ገበያ የተቀጠረው ሰው ሥራውን ቢጠላም አይለቅም፤ ከበር ውጭ ወረፋ ጠባቂ እንዳለ ያውቃልና። ስለዚህ መልቀቂያ የሚያስገባ ነርስ ማነሱ የሆስፒታሉን ጤንነት አያሳይም። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይባላል፤ አንጀቱ የሌለበት ልቅሶ ግን ለቀስተኛ ቢበዛም እንባ የለውም።

ጎንደር ያስተማረችው

በ1946 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ በጣና ዳር ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ተመዝግቧል። በማግሥቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ትብብር ተቋቋመ። ኮሌጁ ያን ጊዜ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የሕዝብ ጤና ነርስና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ሦስቱን ለየብቻ አስተምሮ ለየብቻ አለመላኩ ነው። ተማሪዎቹ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን ተመድበው አብረው እየኖሩ አብረው ይሠሩ ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና ልማድ የመጀመሪያው ኮሌጅ ወደ ሕክምና ኮሌጅነት ከዚያም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም አልጠፋም።

መሥራቾቹ የገባቸው ነገር ቀላል ነበር። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር የቡድኑ መዋደድ የጎደለውን ባለሙያ በከፊል ይተካል። ጤና መኮንኑ ነርሷን ከናቀ፣ ነርሷም የጽዳት ባለሙያውን ካልሰማች፣ ሦስት ደመወዝ ተከፍሎ የአንድ ሰው ሥራ እንኳ አይሠራም። ከተግባቡ ግን ሦስቱ የአምስት ሰው ሥራ ይሠራሉ።

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጎንደር አልፎ ከመተማና ከሁመራ አቅጣጫም በሽተኛ የሚጎርፍለት ትልቅ የሪፈራልና የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በእንዲህ ያለ የማስተማሪያ ሆስፒታል በአንድ አልጋ ዙሪያ ስፔሻሊስቱ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ፣ ነርሱ፣ የነርስ ተማሪውና የፋርማሲ ባለሙያው ይቆማሉ። ሰው በበዛ ቁጥር ኃላፊነት የሚንጠባጠብበት ክፍተትም ይበዛል። ኢንተርኑ በየጥቂት ሳምንቱ ክፍል ይለውጣል፤ ሬዚደንቱም ዓመቱን ቆጥሮ ይሄዳል። በዋርዱ ውስጥ ለዓመታት የሚቆየው፣ የት ምን እንዳለ የሚያውቀው፣ ለአዲስ መጤ ሐኪም ሳይቀር መንገድ የሚያሳየው ነርሱ ነው። ሆኖም በጠዋቱ ራውንድ ላይ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ተናጋሪ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይጠየቀው እርሱ መሆኑ አያስተዛዝብም ትላላችሁ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ

አሁን ደግሞ ከጎንደር ተነስተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሽቅብ እንውጣ። ደባርቅ በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነች የሰሜን ተራሮች መግቢያ ናት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወደ እርሷ ሆስፒታል የሚመጣው በሽተኛ ከፊሉ ከገደላ ገደሉ አገር በቃሬዛና በበቅሎ የወጣ ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ የግንኙነት ዋጋ ከከተማው በእጥፍ ይወደዳል። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ነርሶች ቢጣሉ አንዷን ወደ ሌላ ዋርድ ማዛወር ይቻላል። በትንሹ ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ግን የማዋለጃ ክፍሉን ሥራ የሚካፈሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከተኳረፉ ክፍሉ ራሱ ተኳረፈ ማለት ነው። ደግሞም የደጋው ነርስ ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ወጣት ነው፤ ባልደረባው ጓደኛውም፣ ጎረቤቱም፣ ዕቁብተኛውም ነው። መሥሪያ ቤቱ ከከፋው ማታ የሚሸሽበት ሌላ ዓለም የለውም። እናም ቀኑን ቆጥሮ ዝውውር ይጠይቃል። ዝውውሩ በተራ ሳይሆን በትውውቅ የሚሰጥ ከመሰለው ደግሞ ሥራው ቀርቶ ሰው ፍለጋ ይጀምራል።

በደባርቅና በጎንደር መካከል ያለው ሌላው ወንፈል የሪፈራል ነገር ነው። እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ከደጋው ስትላክ ላኪው ነርስ ስልክ ደውሎ "በዚህ ሰዓት ተነስታለች፣ የደም ዓይነቷ ይህ ነው፣ ይህ ይህ ተሰጥቷታል" ካለ ተቀባዩ ደሙን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሁለቱ የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ከሆኑ እናቲቱ የያዘችው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱም በዝናብ ይርሳል። ይህ ስልክ የሚጠይቀው ሁለት ደቂቃና የቀደመ መተዋወቅ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ የዚህ ትውውቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የታየበት ጊዜ ነው።

የአካባቢው ነርሶች ከዚያም በፊት ቢሆን ዕረፍት አላዩም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከማይካድራው ጭፍጨፋ የተረፉ ቁስለኞች ወደ ጎንደር መጡ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና ዘልቆ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። በእነዚያ ጊዜያት የጤና ባለሙያው ሰዓቱን ቆጥሮ አልሠራም፤ ሰዓት ቢቆጥር ኖሮ የሚከፍለው በጀት አይገኝም ነበር። ያ ሥራ የተሠራው በፍቅርና በይሉኝታ ገመድ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ኃላፊዎች ያንን የጭንቅ ቀን ትጋት አይተው በደህናው ቀን የበጀት ምንጭ ሊያደርጉት ሲሞክሩ ነው። ደቦ በዓመት አንድ ቀን ይጠራል፤ በየቀኑ ደቦ የሚጠራ ገበሬ ግን ጎረቤት አይተርፈውም።

ወንፈሉን ማን ያፈርሰዋል?

የመጀመሪያው አፍራሽ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው፣ በተለምዶ "ኢፊሸንሲ" የሚባለው ነው። በጋራ የተሠራን ሥራ ለየግል ነጥብ ይሰጥበታል። ውጤቱም ለዕድገትና ለትምህርት ዕድል መወዳደሪያ ይሆናል። አንድ ነርስ ጓደኛውን ሲያግዝ ነጥቡን ለተፎካካሪው እየሰጠ ከሆነ ለምን ያግዛል? ኃላፊው ደግሞ ጠብ ላለማትረፍ ሲል ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ሰጥቶ ይገላገላል፤ ያን ጊዜ ትጉው ይከፋዋል፣ ሰነፉ ይስቃል።

ሁለተኛው የዲውቲ ክፍያ ነው። መጠኑ ማነሱ አንድ ነገር ሆኖ የከፋው ግን መዘግየቱና ግልጽ አለመሆኑ ነው። ገንዘቡ ለወራት ሲጠራቀምና ማን ስንት ሰዓት እንደተያዘለት ሳይታወቅ ሲቀር ነርሶቹ መንግሥትን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስም ይጠራጠራሉ። "የእገሌ ሰዓት እንዴት በዛ?" የሚለው ሐሜት ከዚያ ይወለዳል። የሥልጠናና የውሎ አበል ያለው ስብሰባ ዕድል በወረፋ ሳይሆን በቅርበት ሲታደል የሚያደርሰው ጉዳትም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከላይ የሚወርድ ዘመቻ ነው። የሥራ ሒደት ለውጡ፣ ቢኤስሲው፣ ካይዘኑ፣ አንድ ለአምስቱ፣ ሁሉም በየተራ መጥተዋል። በጤናው ዘርፍም "ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ የማፍራት መርሐ ግብር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። ዓላማው መልካም ነው፤ በየሆስፒታሉ የሚቆጣና የሚያመናጭቅ ባለሙያ መኖሩን አስታማሚ የሆነ ሁሉ ያውቃልና። ይሁንና ነርሷ ለበሽተኛው እንድትራራ ስትሰበክ እርሷን ማን ይራራላት? በበሽተኛ ዘመዶች ፊት የተሰደበች፣ ለጠፋ መድኃኒት ተጠያቂ የሆነች፣ የታመመ ልጇን ትታ ለሌሊት ተረኛነት የገባች ሴት ርኅራኄን ከፖስተር ላይ አንብባ አታፈልቀውም። አንድ ለአምስትም ቢሆን በቃለ ጉባኤ ከተደራጀ ይልቅ በሻይ ሰዓት የተደራጀው ይበልጣል።

ፍቅር እንጀራ አይሆንም ለሚሉ

እዚህ ላይ ከአንባቢ ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው "ፍቅር እንጀራ አይሆንም" የሚለው ነው። እውነት ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ማለፉ ብዙ ሳምንት አልፈጀበትም። የሸቀጡ ዋጋ ይህንን ተከትሎ ሲወጣ የነርሷ ደመወዝ ቆይቶ ነው የተነቃነቀው። ስለ ባልደረባነት የምንናገረው ነገር የደመወዝን ጥያቄ ለማፈኛ እንዲውል ከቶ አንፈልግም። እንዲያውም ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው የሥራ ውል በከፊል የስጦታ ልውውጥ ነው። አሠሪው ከሚገባው አብልጦ ሲሰጥ ሠራተኛውም ከታዘዘው አብልጦ ይሠራል። አሠሪው ሲሰስት ሠራተኛውም ይሰስታል። ደመወዝና መዋደድ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ እንደ በሬና ቀንበር አብረው የሚሠሩ ናቸው። በሬ ሳይኖር ቀንበር ቢጠርቡ፣ ቀንበር ሳይኖር በሬ ቢገዙ መሬቱ አይታረስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። "መዋደድ ስትሉ መሸፋፈን ማለታችሁ ነው፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ይፈርምለታል፣ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይደብቅለታል" ይሉናል። ይህም አለ፤ አንክድም። ነገር ግን ወንፈልን ከመሸፋፈን የሚለየው ሒሳብ ነው። በወንፈል የሠራህለት ሰው ቀኑን ጠብቆ ይመልስልሃል፤ የማይመልስ ከሆነ በሚቀጥለው ወቅት ማንም አይጠራውም። መሸፋፈን የሚበቅለው ሒሳቡ በጨለማ ሲያዝ ነው። የተረኛ ቅያሬው በዋርዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማን ለማን እንደሠራ ሁሉም ካየው ሰነፉን የሚቀጣው አለቃው ሳይሆን ባልደረቦቹ ይሆናሉ።

ሌላው ዓለም ያየው

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ በነርስ እጥረት ዘመን ነርስ የማይሸሻቸውን 41 ሆስፒታሎች ለይቶ "ማግኔት" ብሎ ሰየማቸው። የጋራ ጠባያቸው የነርስ ኃላፊዎች የሚሰሙ መሆናቸው፣ ነርሶች በሥራቸው ላይ ውሳኔ መስጠታቸውና ከሐኪሞች ጋር ተከባብረው መሥራታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎች ባደረጉት ጥናት ደግሞ በአንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሸክሙ ከልክ ካለፈ መዋደድም አያነሳውም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ሃምሳው ሰው ሲኖር ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ሲኖሩ 5.8 ሚሊዮን ይጎድሉ ነበር። ይህ ማለት ባለጸጎቹ አገሮች ነርስ መፈለጋቸውን አያቆሙም ማለት ነው። የእኛ ሆስፒታሎች በደመወዝ ከእነርሱ ጋር መፎካከር አይችሉም። መፎካከር የሚችሉት "እዚህ እከበራለሁ፣ እዚህ ወገን አለኝ" በሚለው ስሜት ነው።

ሒሳቡ

ገጹ የገበያ ገጽ ነውና ወጪውን እናስላ። ለምሳሌ ያህል በቀን ሦስት ጊዜ ተረኛ የሚለዋወጥበት፣ በእያንዳንዱም ሁለት ነርሶች የሚያስረክቡበት አንድ ዋርድ እንውሰድ። ወጪዎቹ ግማሽ ሰዓት ቆይተው አልጋ በአልጋ እየዞሩ እንዲያስረክቡ ቢከፈላቸው በቀን ሦስት የሥራ ሰዓት ይሆናል። የመነሻ ደመወዙ 11,500 ብር በሳምንት 39 ሰዓት ቢካፈል ለአንድ ሰዓት 68 ብር ገደማ ይደርሳል። ሦስቱ ሰዓት በቀን 204 ብር፣ በወር 6,120 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በትርፍ ሰዓት ተመን እጥፍ ቢከፈል እንኳ ከአንድ ጀማሪ ነርስ የወር ደመወዝ ብዙም አይበልጥም። በአንጻሩ በርክክብ መካከል የጠፋ አንድ መረጃ በሽተኛውን ለተጨማሪ ሳምንት አልጋ ላይ ቢያቆየው አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ የአስታማሚው የጠፋ የሥራ ቀንና ከደጋ የመጣበት ትራንስፖርት ተደምሮ የቱን ያህል ይሆናል? እርግጠኛ ነን፤ ቆጣሪ ቢገኝለት ርክክቡ ይረክሳል።

ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የርክክብ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት። ሁለተኛ፣ የዲውቲ ሰዓት ዝርዝር በየወሩ በየዋርዱ ይለጠፍ፤ ክፍያውም ወሩን ሳያልፍ ይፈጸም። ሦስተኛ፣ ከምዘናው ነጥብ ከፊሉ ለዋርዱ በጋራ ይሰጥ፤ የዋርዱ ውጤት ሲሻሻል ሁሉም ይጠቀም። አራተኛ፣ ከደጋው የሚጠየቅ ዝውውር በግልጽ ወረፋ ይሁን፤ ሦስት ዓመት በብርድ የሠራ ሰው መቼ እንደሚወርድ አውቆ ይሥራ። አምስተኛ፣ የነርስ ኃላፊዎች ሰው የማስተዳደር ሥልጠና ይሰጣቸው። ጥሩ መርፌ ወጊ ስለሆነች ብቻ ሃያ ሰው አስተዳድሪ የምትባል ሴት ያለ ስንቅ መንገድ የወጣች ናት።

ከአምስቱ አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ግማሹ ግድግዳና ወረቀት ብቻ የሚፈልግ ነው። ታዲያ ያልተደረገው ለምንድን ነው? በእኛ ግምት የሚያስቸግረው ገንዘቡ ሳይሆን ግልጽነቱ ነው። የዲውቲው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ከወጣ፣ የዝውውሩ ወረፋ በቁጥር ከተያዘ፣ ለወዳጅ የሚታደል ነገር አይኖርም። የሆስፒታልና የጤና ቢሮ ኃላፊዎች ነርሶችን ቁርጠኞች ሁኑ ከማለታቸው በፊት ይህንን የራሳቸውን ሥልጣን የሚቀንስ ዝርዝር ለመለጠፍ ቁርጠኝነት እንዳላቸው ቢያሳዩን ደስ ይለናል። የመጀመሪያው ዝርዝር የትኛው ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ይወጣ ይሆን? መልሱን ከሚመለከታቸው እንጠብቃለን።